የሌለ ቦርድ የሚሰጠው መልስ

ኪዩኢሙ በተባለው ኢሙሌተር ምንጭ ኮድ ውስጥ ማይክሮቢት የምትባለውን ትንሽ ቦርድ የሚመለከት አንድ አጭር ፋይል አለ። ፋይሉ ውስጥ ሦስት ቁጥሮች ተሰልፈዋል፦ 90፣ 90፣ 64። (በምንጩ የተጻፉት በ16 መሠረት አቆጣጠር ነው፤ እዚህ ወደ ለመድነው መልሻቸዋለሁ።) እውነተኛዋ ማይክሮቢት ላይ እንቅስቃሴ የሚለካ አክስለሮሜትርና እንደ ኮምፓስ የሚያገለግል ማግኔቶሜትር አሉ። ኢሙሌተሩ ውስጥ ሁለቱም የሉም። የቦርዷ ፕሮግራም ግን ገና ሲነሳ «ማን አለ እዚያ?» ብሎ ይጠይቃል። ኢሙሌተሩም ከቁጥሮቹ የመጀመሪያውን ያቀብለዋል፤ ደግሞ ሲጠይቅ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ፕሮግራሙ ዳሳሾቹ በቦታቸው እንዳሉ አምኖ ወደ ሥራው ያልፋል።

ውሸት ነው። ቢሆንም በዚህ ሙያ ውስጥ የነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያህል የሚያስተምር ነገር አላጋጠመኝም። አዲስ ቦርድ ወደ ኢሙሌተር ማስገባት ብዙ ሰው እንደሚገምተው ሃርድዌሩን ቁልጭ አድርጎ መቅዳት አይደለም። ፕሮግራሙ ምን ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ፣ ከዚያም ለየትኛው ጥያቄ የእውነት መልስ እንደሚያስፈልግ፣ ለየትኛው ማለፊያ መልስ እንደሚበቃ፣ የትኛውን በዝምታ ማለፍ እንደሚቻል መወሰን ነው። ውሳኔው ሲበላሽ የሚጎዳው ኢሙሌተሩ አይደለም። በእሱ ተማምኖ ፕሮግራም የጻፈው ሰው ነው።

ከመሠረቱ እንነሳ። ኢሙሌተር አንድን ማሽን በሌላ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የሚተውን ፕሮግራም ነው። ኪዩኢሙን እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር ነው፤ ቪዲዮና ድምፅ የሚያቀናብረውን ኤፍኤፍኤምፔግንም ያስጀመረው እሱ ነው። የኪዩኢሙ ዋና ብልሃት ትርጉም ላይ ነው። የእንግዳውን ፕሮሰሰር ትዕዛዞች አንድ በአንድ እያነበበ ከመፈጸም ይልቅ፣ የተወሰኑትን በአንድ ላይ ወደ አስተናጋጁ ኮምፒውተር ቋንቋ ይተረጉምና ትርጉሙን ያስቀምጠዋል። ያው ክፍል ተመልሶ ሲመጣ የተቀመጠውን አውጥቶ ያስኬዳል። ምስክሩ ያንኑ ቃል መቶ ጊዜ ቢደግመው እንደገና ማሰብ የማያስፈልገው የችሎት አስተርጓሚ እንደማለት ነው። በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ለአርም ፕሮሰሰር የተጻፈ ፕሮግራም የሚነሳው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ግን የፕሮሰሰሩ ድርሻ ብቻ ነው። ፕሮሰሰር ብቻውን ቦርድ አይሆንም። በዙሪያው ማስታወሻ፣ ሰዓት ቆጣሪ፣ ከውጭ ጋር የሚነጋገርበት ወደብ፣ አዝራር፣ መብራት አለ። ቦርድ የመጨመር ሥራ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ዙሪያ መገንባት ነው፤ ፕሮሰሰሩማ ቀድሞ አለ ተብሎ ይታሰባል። ለማይክሮቢት ግን ኪዩኢሙ ውስጥ ፕሮሰሰሩም አልነበረም።

ማይክሮቢትን ያወጣችው የብሪታኒያዋ ቢቢሲ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 ለአንድ ሚሊዮን ያህል የብሪታኒያ ተማሪዎች በነፃ ታደለች፤ ዕድሜያቸው 11 እና 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች። ከመዳፍ የምታንስ ቦርድ ናት፤ 25 ቀይ መብራቶችና ሁለት አዝራሮች አሏት። ልቧ የኖርዌዩ ኖርዲክ ሴሚኮንዳክተር ያመረተው ኤንአርኤፍ51822 የተባለ ቺፕ ነው። በውስጡ በ16 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ኮርቴክስ ኤም0 ፕሮሰሰር፣ 256 ኪሎባይት ፍላሽና 16 ኪሎባይት ራም ይዟል። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ እንኳ እዚህ ራም ውስጥ አትገባም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣችው ሁለተኛዋ ማይክሮቢት ሌላ ቺፕ ነው የያዘችው። ኪዩኢሙ የሚተውነው የመጀመሪያዋን ነው፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2018 በዋናነት ተማሪዎችን ከክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች ጋር በሚያገናኙ መርሐ ግብሮች ተጀመረ።

እንግዲህ ስለ ፕሮሰሰሩ። ኪዩኢሙ ከዚያ በፊት ኮርቴክስ ኤም3ን ያውቅ ነበር። ኤም3 የኤም0 ታላቅ ወንድም ነው፤ ለታናሹ የተጻፈ ፕሮግራም በታላቁ ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። ሰነፍ መሐንዲስ እዚህ ላይ አቋራጭ ይታየዋል፦ ቦርዷን ኤም3 ሰጥቶ ኤም0 ናት ማለት። ይሠራል። ችግሩም መሥራቱ ነው። ኤም0 ባለ 32 ቢት ከሆኑት ረጃጅም ትዕዛዞች የሚያውቀው ስድስት ብቻ ነው፤ ኤም3 እጅግ ብዙ ያውቃል። ኤም3 አራት ባይት የሚሆን ቁጥር ለአራት ከማይካፈል አድራሻ ላይ ቢጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ችሎ ያነብበዋል፤ ኤም0 ወዲያው ስህተት ብሎ ያቆማል። ስለዚህ ኢሙሌተሩ ለጋስ ከሆነ፣ በላፕቶፑ ላይ ፕሮግራሙን ሞክሮ ደስ ያለው ተማሪ እውነተኛዋ ቦርድ ላይ ሲጭነው ድርቅ ብላ ትቀርበታለች። ምክንያቱን ፍለጋ የሚያባክነው ሌሊት ነው እንግዲህ የአቋራጩ ዋጋ። የ2018ቱ ሥራ አንዱ ክፍል ፕሮሰሰሩ የማይችለውን በትክክል «አልችልም» እንዲል ማድረግ ነበር። መከልከልም መተወን ነው፤ እንዲያውም ከባዱ ክፍል።

ከፕሮሰሰሩ ቀጥሎ የሚመጣው የአድራሻ ካርታ ነው። ፕሮሰሰሩ ዓለምን የሚያውቀው በቤት ቁጥር ብቻ ነው። መብራት አያይም፣ ሽቦ አይነካም። የሚያደርገው ነገር አንድ ቤት ቁጥር ላይ ማንኳኳት፣ ዕቃ ማስቀመጥ ወይም ዕቃ መጠየቅ ነው። በኤንአርኤፍ51 ሠፈር ፍላሹ ከዜሮ ይጀምራል፤ ራሙ 20000000 ላይ ነው፤ ተከታታይ ወደቡ፣ ባለሙያዎች ዩአርት የሚሉት፣ 40002000 ላይ ይገኛል፤ መብራትና አዝራር የሚያያዙባቸው እግሮች መቆጣጠሪያ 50000000 ላይ። (እነዚህም በ16 መሠረት ናቸው።) ኢሙሌተሩ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ተግባር ያለው ትንሽ ፕሮግራም ነው፦ ሲነበብ ምን እንደሚመልስ፣ ሲጻፍበት ምን እንደሚያደርግ። ቀላል ይመስላል። በአንድ በኩል ቀላልም ነው፤ አንድ ሰው የቺፑን መመሪያ ከፍቶ ጠዋት ቢጀምር ማታ ላይ ካርታው ያልቅለታል።

ካርታው ትክክል መሆኑን የሚፈትነው የመጀመሪያው ቅጽበት ነው። የኮርቴክስ ኤም ፕሮሰሰሮች ሲነሱ ከፍላሹ መጀመሪያ ሁለት ቁጥር ያነባሉ። አንደኛው ስታክ የሚባለው ጊዜያዊ ማስቀመጫ ከየት እንደሚጀምር ይነግራቸዋል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ትዕዛዝ ያለበትን። ስታኩ ከላይ ወደታች ስለሚወርድ ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ የራሙን ጣሪያ ይሰጠዋል። ራሙ ከ20000000 ተነስቶ 16 ኪሎባይት ከሆነ ጣሪያው 20004000 ነው። አሁን ቦርዱን የጻፈው ሰው ተሳስቶ ራሙን 8 ኪሎባይት አድርጎ ሞላው እንበል። ፕሮግራሙ ይነሳል፤ የመጀመሪያውን ነገር ስታኩ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል እጁ ባዶ ሜዳ ላይ ያርፋል። አንድም ፊደል ሳይታይ ሁሉም ያበቃል። ለዚህ ነው አዲስ ቦርድ «ዝም ብሎ ሞተ» ሲባል ልምድ ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ የራሙን መጠን የሚያዩት።

ፕሮግራሙ ወደ ፍላሹ የሚገባበት መንገድም መሠራት ነበረበት። የማይክሮቢት ፕሮግራም የሚታደለው ኢንቴል ሄክስ በሚባል የጽሑፍ ፋይል ነው፤ አብዛኛው መስመር «እነዚህን ባይቶች እዚህ አድራሻ አስቀምጥ» የሚል ነው። ልጁ ፋይሉን እንደ ፍላሽ ዲስክ በምትታየው ቦርድ ላይ ይጎትተዋል፣ አለቀ። ኪዩኢሙ ይህን ዓይነት ፋይል ማንበብ የተማረው በዚያው ሰሞን ነው። ለቦርድ ተብሎ የተጀመረ ሥራ ለሌሎች ቦርዶችም ሲተርፍ ከሚታዩት ጥሩ ምሳሌዎች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ወደቡ እንሂድ፤ ምክንያቱም አዲስ ቦርድ የመጀመሪያ ቃሉን የሚናገረው በዩአርት ነው። ኖርዲክ ቺፖቹን የሚሠራበት የራሱ ወግ አለው። ሬጅስተሮቹ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚጽፍባቸውና የሚያነብባቸው ትናንሽ ሳጥኖች፣ ሁለት ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ትዕዛዝና ወሬ። ለመላክ ስትፈልጉ «መላክ ጀምር» በሚለው ሬጅስተር ላይ 1 ትጽፋላችሁ። ከዚያ ፊደሉን በማስተላለፊያው ሬጅስተር ላይ ታስቀምጣላችሁ። ፊደሉ ሲሄድ «ተልኳል» የሚለው ሬጅስተር 1 ይሆናል። ወሬውን ሰምቶ ወደ ዜሮ የሚመልሰው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፤ ቺፑ አይመልሰውም። ከውጭ የሚመጡ ፊደሎች ደግሞ ስድስት ሰው ብቻ በምትይዝ የመጠባበቂያ ሰልፍ ይቆያሉ።

ይህን ሁሉ ለምን በዝርዝር ማክበር ያስፈልጋል? ፊደሉን ተቀብሎ ስክሪን ላይ ማውጣት አይበቃም ወይ? አይበቃም። ፕሮግራሙ ፊደሉን ካስቀመጠ በኋላ «ተልኳል» የሚለው 1 እስኪሆን እየደጋገመ ያነብባል። ኢሙሌተሩ ፊደሉን አሳይቶ ወሬውን ከረሳ ስክሪኑ ላይ አንዲት ፊደል ትታያለች፤ ሁለተኛዋ አትመጣም። በተቃራኒው ወሬው ሁልጊዜ 1 ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ወደ ዜሮ መልሶት ዜሮ መሆኑን ሲያረጋግጥ ግራ ይጋባል። ዩአርቱ ስለዚህ በማለፊያ መልስ አይታለፍም፤ ከነጠባዩ መተወን አለበት።

ሁሉም ቤት እንዲህ ዓይነት ትጋት ይገባዋል ማለት ግን አይደለም። ኪዩኢሙ «ያልተሠራ ዕቃ» የሚባል ብልሃት አለው። በኤንአርኤፍ51 ላይ የመሣሪያዎቹ ሠፈር በሙሉ በመጀመሪያ በዚህ ይሸፈናል፤ የተሠሩት ቤቶች ከላዩ ላይ ይደረባሉ። ፕሮግራሙ ያልተሠራ ቤት ሲያንኳኳ ዜሮ ይመለስለታል፤ የጻፈውም ይጣላል። ፕሮግራሙ አይወድቅም፤ ተጠቃሚው ከጠየቀ ደግሞ የት እንዳንኳኳ በመዝገብ ይጻፍለታል። ቦርድ ጨማሪው ሰው ቀጥሎ ምን መሥራት እንዳለበት የሚያውቀው ከዚህ መዝገብ ነው። እኔ ይህን ዘዴ ከኪዩኢሙ ምርጥ ሐሳቦች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ድንቁርናን በግልጽ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ብዙ የለም።

ዜሮ የሚጎዳበት ቦታ አለ፤ ሰዓቱ። ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ «ዋናውን ሰዓት አስነሳ» ይልና «ተነስቷል» የሚለው 1 እስኪሆን ይጠብቃል። መልሱ ዜሮ ከሆነ እስከ ዓለም ፍጻሜ ይጠብቃል። ኪዩኢሙ ለዚህ ያበጀው የሰዓት መቆጣጠሪያ እስከዛሬ ካየኋቸው ሁሉ አጭሩ ነው፦ የትኛውንም ሬጅስተር ብትጠይቁት መልሱ 1 ነው። ተነሳህ ወይ? አዎ። የቱ ሰዓት ነው የሚሠራው? 1። ሲጻፍበት ዝም ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሰዓቱ 1 እና የዳሳሾቹ 90 ከሩቅ ሲታዩ አንድ ዓይነት ማታለል ይመስላሉ። አይደሉም። ኢሙሌተር ውስጥ የሚነሳ ኳርትዝ የለም፤ የሚሞቅ፣ የሚረጋ ነገር የለም። ምናባዊው ሰዓት ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ዝግጁ ነው። «ተነስቷል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ማለት እንግዲህ እውነት ነው፤ ያውም ሁልጊዜ። የአክስለሮሜትሩ ግን ሌላ ነው። 90 ቀደምት ማይክሮቢቶች ላይ የነበረው አክስለሮሜትር ስሙን ሲጠየቅ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ስሙን ተናግሮ «እሺ፣ አሁን ወደየት ዘንበል ብለናል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ነገር የለውም። ከሰዓቱ መልስ ኋላ የቆመ ነገር አለ፤ ከዳሳሹ መልስ ኋላ ባዶ ቤት ነው።

ታዲያ ውሸቱ ለምን ገባ? ፈርምዌሩ፣ ከልጁ ፕሮግራም ቀድሞ የሚነሳው የቦርዷ መሠረታዊ ሶፍትዌር፣ ሲነሳ ዳሳሾቹን ካላገኘ ስለማይቀጥል ነው። ልጁ የጻፈው ፕሮግራም ስለ ዘንበል ማለት ምንም ላያስብ ይችላል፤ አንድ ቃል ብቻ በወደቡ ሊያወጣ ነው። ግን የእሱ ተራ ከመድረሱ በፊት ፈርምዌሩ ዳሳሾቹን ፈልጎ አጥቶ በር ላይ ይቆማል። ሦስቱ ቁጥሮች በሩን ይከፍታሉ። ከነሱ ጋር፣ በዳሳሾቹ መስመር ላይ «ተልኳል»፣ «ደርሷል»፣ «ቆሟል» የሚሉት ወሬዎች ሁሌም 1 ይመለሳሉ፤ አለበለዚያ ስም እንኳ ሳይጠየቅ ጥበቃው ይቀጥል ነበር።

እኔን የገረመኝ ውሸቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የዩአርቱ፣ የሰዓት ቆጣሪው፣ የፍላሹ ፋይሎች ሁሉ በቺፑ ስም ነው የተሰየሙት። ይህኛው ግን በቦርዷ ስም ተሰይሟል፤ ቺፑ ላይ የሚደርበውም የቦርዷ ኮድ ነው። ልዩነቱ የስም ጉዳይ አይደለም። ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ቺፕ የያዘ ሌላ ቦርድ ቢያስገባ ዩአርቱን ይወርሳል፤ ውሸቱን አይወርስም። የእሱ ቦርድ አክስለሮሜትር ከሌለው ማንም «አለኝ» አያሰኘውም። የጋራ የሆነው እውነት በጋራው ቦታ፣ የአንዷ ቦርድ ብልሃት በአንዷ ቦርድ ጓዳ። በተጨማሪ ውሸቱ ፈተና አለው፤ አብሮ የተጻፈ አንድ አጭር ፈተና ፕሮሰሰሩን ተክቶ አድራሻዎቹን በቀጥታ እያንኳኳ 90፣ 90 እና 64 በተራ መምጣታቸውን ያረጋግጣል።

ፍላሹ ላይ የተደረገው ጥንቃቄ ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። ፍላሽ ከራም የሚለይበት ጠባይ አለው። የተደመሰሰ ፍላሽ ቢቶቹ ሁሉ 1 ናቸው። መጻፍ 1ን ወደ 0 ያወርዳል እንጂ 0ን ወደ 1 አያነሳም። ለማንሳት ገጹን በሙሉ መደምሰስ ያስፈልጋል፤ በዚህ ቺፕ አንዱ ገጽ 1024 ባይት ነው፣ ገጾቹም 256። በብራና ላይ እንደ መጻፍ ነው፤ ቀለም መጨመር ይቻላል፣ ለማንሳት ግን መፋቅ። ኢሙሌተሩ ፍላሹን እንደ ተራ ማስታወሻ ቢያየው ሳይፍቅ የሚጽፍ ፕሮግራም ያለ እንከን ይሠራል፤ ቦርዷ ላይ ሲደርስ አሮጌውና አዲሱ ጽሑፍ ይደባለቃል። ኪዩኢሙ የሚጻፈውን ከነበረው ጋር አዋህዶ በሁለቱም 1 የሆነውን ብቻ 1 ያደርጋል፤ ልክ እንደ ቺፑ። የመጻፍ ፈቃድ የሚሰጠው ሬጅስተር ሳይከፈት ለመጻፍ የሞከረ ፕሮግራምም ይከለከላል፤ ጥፋቱም የእንግዳው ስህተት ተብሎ ይመዘገባል። እዚህ ላይ ማለፊያ መልስ ቢሰጥ ኖሮ ማንም ሳያውቅ ለዓመታት ይዘልቅ ነበር።

ጊዜ ሌላ ዓለም ነው። በ16 ሜጋኸርትዝ አንዱ ምት 62.5 ናኖሰከንድ ይወስዳል። ኪዩኢሙ የፕሮሰሰሩን ምት አይቆጥርም፤ የተተረጎመው ኮድ ላፕቶፑ በቻለው ፍጥነት ይሮጣል። ስለዚህ ባዶ ዙር እያዞረ «ይህን ያህል ብዞር አንድ ሚሊሰከንድ ይሆናል» ብሎ የሚቆጥር ፕሮግራም ኢሙሌተሩ ላይ ሒሳቡ ይፋለሳል። የቺፑን ሰዓት ቆጣሪ የሚጠይቅ ፕሮግራም ግን ትክክለኛ መልስ ያገኛል፤ ቆጣሪው ከምናባዊው ሰዓት ላይ ስለሚያሰላ። የዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣው ክፍል እንኳ እውነተኛው ቺፕ የሚወስድበትን ያህል ቆይቶ ነው ቁጥሩን የሚያቀርበው፤ ሲጠይቁት ወዲያው ቢሰጥ፣ መጠበቅን የረሳ ፕሮግራም ስህተቱ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

መብራቶቹስ? የሚያሳዝነው እነሱ አይታዩም። 25ቱ መብራቶች ለዓይን አምስት በአምስት ናቸው፤ በሽቦ ግን ሦስት ረድፍ በዘጠኝ ዓምድ ሆነው ነው የተገናኙት። ፈርምዌሩ ረድፎቹን አንድ በአንድ በፍጥነት ያበራና ያጠፋቸዋል፤ ምስሉን የሚሰፋው ዓይናችን ነው። ኢሙሌተር ዓይን ስለሌለው፣ የትኛው መብራት ስንት ጊዜ በርቶ እንደነበር አጠራቅሞ ማሳያ መሥራት ያስፈልገዋል። እግሮቹ ከፍና ዝቅ ማለታቸው ይተወናል፤ ምስሉ ግን አይሳልም። ለልጆች በተሠራች ቦርድ ላይ ልጆቹ የሚወዱት ነገር መቅረቱ ምፀት ነው። ግን ኢሙሌተሩን በዋናነት የሚጠቀሙት ልጆቹ አይደሉም፤ ለልጆቹ የሚደርሰውን ሶፍትዌር የሚጽፉና በየቀኑ በራስ ሰር የሚፈትኑ ሰዎች ናቸው።

ኮዱ ከተጻፈ በኋላ ወደ ዋናው ፕሮጀክት የሚገባበት ሥርዓት አለ። ሥራው በትናንሽ ቁርጥ ይቀርባል፤ ፕሮሰሰሩ ለብቻ፣ ቺፑ ለብቻ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻ፣ ቦርዱ፣ ፈተናው። እያንዳንዱ ቁራጭ ብቻውን መጠናቀር አለበት፤ ከዓመታት በኋላ ስህተት የፈለገ ሰው ታሪኩን ወደኋላ እየከፈለ የትኛው ቁራጭ እንዳበላሸው እንዲያገኝ። ላኪው ኮዱን የማበርከት መብት እንዳለው በስሙ ይፈርማል። ከሁሉም በላይ «ይህን ማን ይጠብቀዋል?» ለሚለው ጥያቄ በተንከባካቢዎች መዝገብ ላይ ስም መገኘት አለበት።

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ወግ ለማሟላት ያህል አይደለም። ኪዩኢሙ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖሩ የኖኪያ ኤን800 እና ኤን810፣ የሻርፕ ዛውረስ የኪስ ኮምፒውተሮችና ሌሎችም ቦርዶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በወጣው 9.0 እትም «ጊዜ ያለፈባቸው» ተባሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ 9.2 ሲወጣ ተወገዱ። ምክንያቱ ቺፖቻቸውን የሚተውነው ኮድ አርጅቶ ጠባቂ ማጣቱ ነበር። የኢሙሌተሩ የውስጥ አሠራር ሲለወጥ እያንዳንዱ አሮጌ ቦርድ አብሮ መታደስ አለበት፤ የሚሞክረው ሰው የሌለ ቦርድ ደግሞ መሥራቱን የሚያረጋግጥ የለም። ከማስገባት መንከባከብ ይከብዳል፤ ቦርድ ለመጨመር የሚነሳ ሰው ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

የኪዩኢሙ መመሪያ ስለ ማይክሮቢት ሁለት ዝርዝር ይዟል። የሚደገፉት ውስጥ ፕሮሰሰሩ፣ ዩአርቱ፣ ሰዓት ቆጣሪዎቹ፣ የዘፈቀደ ቁጥር ማውጫው፣ የእግሮቹ መቆጣጠሪያና የፍላሹ መቆጣጠሪያ አሉ። ያ ሁሉን በ1 የሚመልሰው ሰዓትም ከነሱ ጋር ተቆጥሯል። የጎደሉት ውስጥ ሬዲዮው፣ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል የሚቀይረው ክፍልና ሌሎችም ይገኛሉ፤ ዳሳሾቹ የሚያያዙበት መስመርም እዚያው ነው። ሦስት ቁጥር እያቀበለ ፈርምዌሩን በየቀኑ ያሳልፈዋል፤ ለሰው ሲነገር ግን «የለም» ተብሎ ተጽፏል። ትክክለኛው ቦታው ነው።

ከጎደሉት አንዱ አርቲሲ የተባለው ቆጣሪ ነው። ቦርዷ በእጃችሁ ባትኖርም፣ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ባይገኝም፣ ላፕቶፕና የቺፑ መመሪያ ካላችሁ ሥራው ይጀመራል፤ መጨረሻ ላይ ብቻ እውነተኛ ቦርድ ያለው ሰው እንዲያመሳክርላችሁ መጠየቅ ነው። ቆጣሪው 24 ቢት አለው፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይቆጥራል፤ በ512 ሰከንድ ሞልቶ እንደገና ከዜሮ ይነሳል። ለመጀመሪያ ሥራ ከዚህ የሚሻል ክፍል አላየሁም። ሞክሩት።